የቶቢያስ እናት መቅረዝ

ባለፈው የካቲት፣ ዓቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ፌርማታዬን አለፍኩ።

ለንደን ውስጥ በሌሊት አውቶቡስ ሥራ የሚገባ ሰው ፌርማታ አያልፍም። ይተኛል እንጂ አያልፍም። ሰውነቱ ራሱ ይቆጥርና ልክ ሲደርስ ይቀሰቅሰዋል። እኔም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልፌ አላውቅም። ያን ሌሊት ደግሞ ጭራሽ አልተኛሁም። ስልኬ ላይ አንድ ገጽ ለሦስተኛ ጊዜ እያነበብኩ ነበር። ቀና ስል አውቶቡሱ ፍሊት ስትሪትን ጨርሶ ሉድጌት ሂልን እየወጣ ነው። ወርጄ በዚያ ብርድ ወደ ኋላ ሮጥኩ። አሥር ደቂቃ አረፈድኩ። ሱፐርቫይዘራችን ምንም ሳይል ሰዓቱን አሳየኝ። እኔ ግን ሁቨሩን፣ የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽኑን፣ እየገፋሁ ኮሪደሩን እስክጨርስ የማስበው ስለ አንድ የብር መቅረዝ ብቻ ነበር።

የማነበው የስዊኒ ቶድን ታሪክ ነው። ፍሊት ስትሪት ላይ ደንበኞቹን የሚገድለው ፀጉር ቆራጭ። ጎረቤቱ ወይዘሮ ላቬት ደግሞ ሬሳውን ፓይ፣ በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገር ምግብ፣ ውስጥ ከትታ የምትሸጠው። ዛሬ ይህን ታሪክ ያልሰማ ብዙ የለም። እኔ ካልሰሙት ጥቂቶች አንዷ ነበርኩ።

ያወቅኩት በአንድ ቱሪስት ነው። ጠዋት ከሥራ ወጥቼ ስሄድ ካርታ የያዘ ሰውዬ አስቁሞኝ «የስዊኒ ቶድ ፀጉር ቤት የት ነው?» አለኝ። ጥግ ላይ ያለውን የቱርኮች ፀጉር ቤት አሳየሁት። አመስግኖኝ ሄደ። ሰውዬው እዚያ ገብቶ ምን እንዳለ እስካሁን አስባለሁ።

ጎግል ያበላሸው ሚስጥር

ቤት ገብቼ ስሙን ስፈልግ ጎግል በመጀመሪያው መስመር ሁሉንም ዘረገፈው። ገዳዩ ማን እንደሆነ፣ ሬሳው የት እንደሚገባ፣ ፓዩን ማን እንደሚበላው። ሚስጥሩ ሳይጀመር አለቀ። ግን መጽሐፉ በነፃ ይገኛል፣ ጉዞዬም ረጅም ነው። አወረድኩት።

ታሪኩ በመጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1846 እስከ መጋቢት 1847 ነው። በየሳምንቱ፣ በ18 ክፍል፣ ኤድዋርድ ሎይድ በሚያሳትማት የአንድ ፔኒ መጽሔት ላይ። ርዕሱ ላይ የቶድ ስም የለም፤ «የሉል ሐብል» ነው የሚለው። ጸሐፊውም ስሙን አላሰፈረም። ብዙዎች ጄምስ ማልኮም ራይመር ነው ይላሉ። እንግሊዞች እንዲህ ያሉትን ታሪኮች በኋላ «ፔኒ ድሬድፉል» አሏቸው፣ የአንድ ፔኒ አስፈሪ እንደማለት። መጀመሪያ ላይ ግን «የፔኒ ደም» ነበር የሚሏቸው። የቻርልስ ዲከንስ ልብ ወለድ ያኔ በየወሩ በአንድ ሺሊንግ ነበር የሚሸጠው። አንድ ሺሊንግ 12 ፔኒ ነው። ሺሊንግ የሌለው ሰው ፔኒውን ይዞ ወደ ሎይድ ይሄዳል። ማንበብ የማይችለው ደግሞ ማንበብ ከሚችለው ጎን ቁጭ ብሎ ይሰማል። ይሄኛው ለእኔ እንግዳ አይደለም። እኛ ቤት የሬዲዮ ትረካ ሲጀምር ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰብ ነበር፤ የሳለ ሰው ይቆጡታል።

ታሪኩ ገና ሲጀምር የሚጠራው የቅዱስ ደንስታን ቤተ ክርስቲያንን ሰዓት ነው። ሁለት ግዙፍ ምስሎች ዱላ ይዘው ደወል የሚመቱበት ሰዓት፣ ከ1671 ጀምሮ የነበረ። ታሪኩ በታተመ ጊዜ ሰዓቱ እዚያ አልነበረም። አሮጌው ቤተ ክርስቲያን በ1830 አካባቢ ሲፈርስ ተሽጦ ሄዶ ነበር፤ የተመለሰው በ1935 ነው። ስለዚህ የ1846 አንባቢ የናፈቀውን ሰዓት እኔ በየቀኑ ከሥራ ስወጣ እሰማዋለሁ። የወይዘሮ ላቬት ሱቅ አለበት የተባለው ቤል ያርድ ቆሻሻ አውጥቼ ስመለስ የማቋርጠው ቀጭን መንገድ ነው። የሎይድ ማተሚያ ቤት የነበረበት ሳልስበሪ ስኩዌርም ሩቅ አይደለም። ጸሐፊው ሩቅ አልሄደም፤ ከማተሚያ ቤቱ ወጥቶ በእግሩ ደቂቃዎች የሚፈጀውን ሰፈር ነው የጻፈው።

ያኔ በሳምንት አንድ ፔኒ ከፍሎ የሚያነብ ሰው ስለ ፓዩ አልተነገረውም። ፍንጭ ብቻ ነው የሚያገኘው። መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ቶድ አዲሱን ተለማማጅ፣ ቶቢያስ ራግ የሚባለውን ልጅ፣ እዚህ ሱቅ ያየኸውን ብትተነፍስ አርድሃለሁ ይለዋል። ልጁም ደንግጦ ይምላል፤ አንዲት ቃል ብናገር ቤል ያርድ ያለችው ላቬት የጥጃ ፓይ ታድርገኝ ይላል። አውቶቡስ ውስጥ ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ዞሮ አየኝ። ያኔ ያነበበው ሰው ግን እዚህ ጋ የሚስቅ አይመስለኝም፤ የልጅ መሐላ ነው ብሎ ያልፋል። ቆይቶ፣ ምናልባት ከወራት በኋላ፣ ያቺ መሐላ ትዝ ስትለው ነው ሆዱ የሚገለበጠው። እኔ ሳቁን አገኘሁ፣ የሆድ መገልበጡን ግን አጣሁ።

እውነቱን ለመናገር መጽሐፉ በጣም ጥሩ መጽሐፍ አይደለም። እነዚህ ጸሐፊዎች የሚከፈላቸው በመስመር ነው ይባላል፣ ያስታውቃልም። እንዲህ ዓይነት ነገር ይበዛል፦

«መጣ?»
«መጣ።»
«እሱ?»
«እሱ።»
«መጣ አልከኝ?»

ይሄኔ ሰውዬው ሳንቲም እየቆጠረ ነው። ግን የሚያስቅም አለው። የሬሳው ሽታ ከምድር ቤት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ሲሞላው ምእመናኑ መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ያስቀድሳሉ። ከየት ነው የሚሸተው ብሎ ነገሩን ከሥሩ የሚፈልግ ጠፍቶ ሁሉም እርስ በርስ ይተያያል። እኔ ደግሞ ጾም ላይ ነኝ። ከሽሮና ከምስር ሌላ ሳልቀምስ ስለ ትኩስ የሥጋ ፓይ ገጽ በገጽ ማንበብ ምን ዓይነት ኃጢአት እንደሆነ ንስሐ አባቴን አልጠየቅኳቸውም።

እና በዚህ ሁኔታ፣ ሳልፈራ፣ ግማሽ እየሳቅኩ፣ ግማሽ እየዘለልኩ፣ ያቺ ገጽ ላይ ደረስኩ።

መቅረዙ

ቶቢያስ መጠርጠር ጀምሯል። ሱቁ የገባ ደንበኛ አይወጣም። የአንዱ መርከበኛ ውሻ ደጁ ላይ ቆሞ አልሄድም ብሏል። ቶድ ልጁ እንደጠረጠረ ያውቃል። እዚህ ላይ ምላጩን የሚያወጣ መስሎኝ ነበር። አላወጣም። ስለ እናቱ ያወራው ጀመር።

ባለፈው ብርድ ጊዜ፣ አመዳዩ 18 ሳምንት ሳይለቅ በቆየ ጊዜ፣ አንተና እናትህ በረሃብ ልታልቁ ነበር፤ ታስታውሳለህ? አለው። ያኔ እናትህ ቴምፕል ውስጥ የአንድ ሚስተር ኪንግ የሚባል ሰው ክፍሎች ታጸዳ ነበር። ልጁ አስታወሰ። የአንድ ጊኒ ኪራይ ዕዳ ነበረብን፣ እናቴ ተበድራ ከፈለች አለ። ቶድ ጠጋ ብሎ በጆሮው ነገረው። አልተበደረችም። ከሰውዬው ክፍል የብር መቅረዝ ወስዳ ነው። አውቃለሁ፣ ማስመስከርም እችላለሁ። አፍህን ከከፈትክ ይሰቅሏታል፤ ገዳይዋም አንተ ነህ።

ቴምፕል ከፍሊት ስትሪት በስተ ደቡብ ያለው የጠበቆች ግቢ ነው። እኔም የማጸዳው የጠበቆች ቢሮ ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ሰፈሩ ግን ያው ነው። ስለ አንዲት ሴት እያነበብኩ ነው፤ የእኔን ሥራ፣ በእኔ ሰፈር፣ ከእኔ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድማ የሠራች። በአውቶቡሱ መስኮት ያንኑ በር እያየሁ አለፍኩት። አየሁት እኮ። ግን ደወሉን አልተጫንኩም።

ሦስቴ ያነበብኩት ግን ይህን አይደለም። ልጁ የመለሰውን ነው። እናቴ አትሰርቅም አላለም። እውነት ነው ወይ ብሎም አልጠየቀም። በአንድ ትንፋሽ «ማረን፣ ይገድሏታል» ነው ያለው። እኛ ጋ ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል። ስለ ልጁ የሚባል ነገር ግን አላውቅም። ይህ ልጅ እናቱን አመናት አላመናት ጉዳይ አልነበረም። አንድ ጊኒ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ የኖረ ልጅ ነው፤ አሁን ሲነግሩት ወዲያው ገባው። ረሃቡን ያውቃላ። እውነቱ ማንንም እንደማያድን ደግሞ ከቶድ በላይ ያውቃል።

የቶድን ወንበር አስቡት። ሰው ሲቀመጥበት ወለሉ ይገለበጥና ወደ ምድር ቤት ይጥለዋል፤ ከሥር ሌላ ወንበር ዞሮ ቦታውን ይይዛል። ጎበዝ ፈጠራ ነው። ግን ማንም ሰው ፀጉር ቤት ገብቶ ወንበሩን አይፈራም። መቅረዙን ግን የፔኒዋ አንባቢ ያውቀዋል። ያቺን መጽሔት የሚገዙት እነማን ነበሩ? ሠራተኞች፣ ተለማማጆች፣ የሰው ቤት አገልጋዮች። በየቀኑ በሌላ ሰው ብር መካከል የሚውሉ ሰዎች።

ምናልባት ጸሐፊው ይህን ሁሉ አላሰበም። ልጁ ከተናገረ ታሪኩ በሦስተኛው ሳምንት ያልቃል፤ ፔኒውም ይቀራል። አፉን የሚዘጋለት ነገር ፈለገ፣ እጁ ላይ የመጣው መቅረዝ ሆነ። ሊሆን ይችላል። ግን እጁ ላይ ለምን እሱ መጣ?

እነዚህን ጽሑፎች ያወገዙ ሰዎች ብዙ ነበሩ። በ1895 ፕላይስቶው ውስጥ ሮበርት ኩምስ የሚባል የ13 ዓመት ልጅ እናቱን ገድሎ ሲያዝ፣ ቤት ውስጥ የተገኙት የፔኒ መጽሐፍት አብረው ተከሰሱ ማለት ይቻላል። ጋዜጦቹ ልጆቻችንን ደም አስለመዷቸው ብለው ጮኹ። እኔ ደሙ ጋ ስደርስ ሻይ እየጠጣሁ ነበር።

የጆሮ ማዳመጫው

ይህን ለመጻፍ ሦስት ወር የፈጀብኝ በዚህ ክፍል ምክንያት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሌላ ሕንፃ ነበር የምሠራው፣ ለሌላ ድርጅት። ሦስት ነበርን። እኔ፣ አንድ ሌላ አገር ሰው፣ እና እትዬ። እትዬ በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ፣ ስማቸውን አልጽፍም። አንድ ጠዋት ከአንድ ጠረጴዛ ላይ የጆሮ ማዳመጫ ጠፋ ተባለ። ውድ ዓይነት ነው። የዚያን ጊዜው ሱፐርቫይዘር ሰበሰበንና ማንም ሰው አልተከሰሰም፣ ለፎርማሊቲ ያህል ቦርሳችሁን ብናይ አለ። ፈገግ ብሎ ነው ያለው። ያን ወለል የሚያጸዱት እትዬ ስለሆኑ ከሳቸው ተጀመረ።

ቦርሳቸውን ዘረገፉት። ነጠላ፣ የስኳር መድኃኒት፣ የአውቶቡስ ካርድ፣ በላስቲክ የተቋጠረ ቆሎ። ቋጠሮው ላልቶ ነበር። ቆሎው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

እኔ ሁቨሬን አስነሳሁ።

ለምን እንዳስነሳሁ ብዙ ጊዜ ለራሴ አስረድቻለሁ። ወረቀቴ አላለቀም ነበር። ውሌ የሦስት ወር ነው። ጫጫታው የሚባለውን እንዳልሰማ ይረዳኛል ብዬም ሊሆን ይችላል። «እትዬ እንዲህ አያደርጉም» የሚለው ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ከአራት ቃል አይበልጥም፤ እንግሊዝኛዬም ለእሱ ይበቃ ነበር። ማንም በጆሮዬ መጥቶ አላስፈራራኝም። ቶድ አላስፈለገም። እኔ ራሴ ቶድም ቶቢያስም ሆኜ ጨረስኩት።

በሁለተኛው ቀን ዕቃው ከባለቤቱ ሌላ ኮት ኪስ ውስጥ ተገኘ። ስልካችን ላይ አንዲት ቃል ተላከችልን፦ «ተገኝቷል»። ሌላ ነገር አልተባለም። እትዬም ምንም አላሉም። ዝም አይነቅዝም እየተባልኩ ነው ያደግኩት። የእኔ ግን ነቅዟል።

39 ሺሊንግ

መቅረዙ ካስቸገረኝ በኋላ ሌሊት ሌሊት ሌላ ነገር ማንበብ ጀመርኩ። የኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት የድሮ ችሎቶች፣ ከ1674 እስከ 1913 ያሉት፣ በነፃ ኢንተርኔት ላይ ይነበባሉ። ስዊኒ ቶድን እዚያ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው፤ ሰውዬው በታሪክ የለም። ቤት ጠራጊዎችና አገልጋዮች ግን ሞልተዋል። ማንኪያ፣ አንሶላ፣ መቅረዝ።

ታሪኩ ተፈጸመ የተባለው በ1785 ነው። በ1713 በወጣ ሕግ መሠረት ከሰው ቤት ውስጥ 40 ሺሊንግና ከዚያ በላይ የሚያወጣ ዕቃ የሰረቀ ሰው የሚጠብቀው ስቅላት ነበር። ስለዚህ ቶድ አላጋነነም። ይሰቅሏት ነበር፤ ከ1783 ጀምሮ ደግሞ የሚሰቅሉት እዚያው ኒውጌት እስር ቤት ደጅ ላይ፣ ኦልድ ቤይሊ መንገድ ላይ ነው። ያን ሌሊት ተሳስቼ ከወረድኩበት ሉድጌት ሂል ጥቂት እርምጃ ነው። አንባቢዎቹ ፔኒያቸውን በሚከፍሉበት በ1846 ግን ሕጉ ተሽሮ ነበር። ትዝታው ብቻ ነው የቀረው፣ አያቶቻቸው የነገሯቸው።

ከመዝገቡ ውስጥ ልቤን የነካው ቁጥር ነው። 39 ሺሊንግ። ብዙ ጊዜ ዳኞቹ፣ ማለትም ከሕዝብ የተመረጡት ጁሪዎች፣ ሴትዮዋ መስረቋን ያምናሉ፤ ግን እንድትሰቀል አይፈልጉም። ስለዚህ የዕቃውን ዋጋ አውቀው ያወርዱታል። 39። አንዲት ሺሊንግ ከገመዱ በታች። ዕቃው ስንት እንደሚያወጣ አደባባዩ ሁሉ እያወቀ አሥራ ሁለት ሰዎች ዓይናቸውን ሳያሹ ይዋሻሉ። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሁቨሩ ትዝ አለኝ።

ልጁ ቶቢያስ 39 የሚልለት አላገኘም። በመጨረሻ ልናገር ብሎ ሲነሳ ቶድ ቀድሞት ፔክሃም ያለ የእብዶች ቤት አስገባው። እብድ የሚናገረውን ማን ይሰማል? ከዚያም አምልጦ ይወጣል እንጂ አይሞትም፤ የፔኒ ታሪክ ነውና መጨረሻው ላይ የሚሰቀለውም ቶድ ነው። ወይዘሮ ላቬትም መርዝ ጠጥታ ትሞታለች። ምድር ቤት ታስሮ ፓይ ሲጋግር የከረመው ሰው በፓዩ ማውጫ ማንሻ ላይ ተጭኖ ወጥቶ፣ ደንበኞቹ በተሰበሰቡበት፣ ምን ሲበሉ እንደነበር ይነግራቸዋል። እዚህ ጋ በጣም ጥሩ ነው፤ ሳታነቡት አትቅሩ።

ፌርማታው ላይ

እትዬ አሁንም እዚያው አካባቢ ይሠራሉ። አንዳንድ ቀን ሺፍታችን ሲገጥም ከቅዱስ ደንስታን ማዶ ፌርማታው ላይ አብረን እንቀመጣለን። ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት ታሪኩን ነገርኳቸው። ፓዩ ጋ ስደርስ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስኪያለቅሱ ሳቁ።

«በስመ አብ! ምን ዓይነት ነገር ነው የምታነቢው አንቺ ልጅ?»

«በነፃ ነው፣ እትዬ።»

«በነፃማ ቢሆን!» አሉ። ፔክሃም ስል ደግሞ «የኛ ፔክሃም?» አሉና እንደገና ሳቁ። ቤታቸው እዚያ ነው።

መቅረዙ ጋ ስደርስ መሳቃቸውን አቆሙ። ኪራዩ ስንት ነበር አሉኝ። አንድ ጊኒ፣ 21 ሺሊንግ አልኳቸው። ከ18 ሳምንት ብርድ ጋር አሰቡት መሰለኝ፣ ጣታቸውን አጠፉ ዘረጉ። ከዚያ ዝም ብለው ቆዩ። ማዶ ያሉት ሁለቱ ምስሎች ሩቡን ደወሉ።

«ልጁ እውነት ነው ወይ ብሎ አልጠየቀም?»

«አልጠየቀም።»

«እኔንም አልጠየቁኝ» አሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ አንስተውት አያውቁም። እኔም ምራቄን ዋጥኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ ለሦስት ወር ያዘጋጀሁት። አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«አንቺን ግን እግዜር ይስጥሽ። ቆሎዬን ተንበርክከሽ በእጅሽ አንድ በአንድ ለቅመሽልኛል። መቼም አልረሳውም።»

አውቶቡሳቸው መጣ። ተነስተው ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ አደረጉ፣ ግንባሬን ሳሙኝ፣ ወጡ። መስኮቱ ጋ ተቀምጠው እጃቸውን አውለበለቡልኝ። እኔም አውለበለብኩ።